ሳቁ በማን ላይ ነው?

ሁለት የፊልም ወዳጆች በጽሑፍ ይሟገታሉ። ጥያቄው፦ የሆሊውድ የታዳጊዎች ኮሜዲዎች ጉርምስናንና ወሲብን በሐቅ ያሳያሉ ወይስ ያዛባሉ? (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነቃፊዋ፦ በ1999 የወጣውን «አሜሪካን ፓይ» ልጥቀስ። አራት ጓደኛሞች ሃይስኩል ሳይጨርሱ ድንግልናቸውን ሊገላገሉ ይማማላሉ። እንደ ቤት ሥራ! ከውጭ የመጣችው ተማሪ ናዲያ ደግሞ ገመናዋ ሳታውቀው በዌብካም ይተላለፋል። ሊንኩ በስህተት ለመላው ትምህርት ቤት ይደርሳል። ከአራቱ አንዱ የሆነው ጂም አንገቱን ይደፋል፤ እሷ ወደ አገሯ ትላካለች። ፊልሙ የሚያዝነው ግን ለጂም ነው።

ተሟጋቹ፦ ለዚያ ትዕይንት አልከራከርም እህቴ፤ ያስጠላል። ግን ጂምን ጀግና አላደረጉትም እኮ። እነዚህ ፊልሞች ያወጡት ምስጢር ይሄ ነው፦ ጉራውን የሚነፋው ጎረምሳ ውስጡ በፍርሃት ይርዳል። አባትየውን አስታውሺ። እየተንተባተበ፣ አንዴ እየጀመረ አንዴ እየተወ፣ ለልጁ ስለ ወሲብ ሊያስረዳ ይታገላል። ልጁ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። እኔ በሳቅ ሞትኩ፤ ግን ስንቱ አባት ነው ያንን ወሬ ጨርሶ የሚሸሸው?

ነቃፊዋ፦ አባትየውንማ እኔም እወደዋለሁ። የናዲያስ አባት የት አለ? ቤቷ ስትገባ ማን ምን አላት? አናይም። የቆየ አመል ነው። በ1984ቱ «ሲክስቲን ካንድልስ» ሰክራ ራሷን የማታውቅ ልጅ በፍቅረኛዋ እጅ ለሌላ ልጅ ትሰጣለች፤ እንደ ዕቃ። ያኔ ቀልድ ነበር። የፊልሙ መሪ ተዋናይት ሞሊ ሪንግዋልድ ራሷ በ2018 በኒው ዮርከር መጽሔት ጉዳዩን መልሳ አንስታዋለች።

ተሟጋቹ፦ ከዚያ 2 ዓመት ቀደም ብሎ «ፋስት ታይምስ አት ሪጅሞንት ሃይ» ወጥቷል፤ ዳይሬክተሯ ኤሚ ሄከርሊንግ ናት። ስቴሲ ሳታስበው ታረግዛለች። ልጁ የጽንስ ማቋረጫውን ግማሽ ወጪ እችላለሁ፣ በመኪና አደርስሻለሁ ይላታል፤ ቀኑ ሲደርስ ይቀራል። ስትወጣ ደጅ የሚጠብቃት ወንድሟ ነው። አይጮህባትም። ፊልሙም አይቀጣትም። ይህ ሁሉ ኮሜዲ ውስጥ ነው!

ነቃፊዋ፦ ለምን ተሳካ? ካሜራው ከስቴሲ ጋር ስለቆመ ነዋ! የኔም ጥያቄ እሱ ነው። በነገራችን ላይ፣ «ግሪስ» ሲቀረጽ ስቶካርድ ቻኒንግ 33 ዓመቷ ነበር፤ የምትጫወተው የሃይስኩል ተማሪ ሆና ነው። ፊቱን ብጉር የወረረው ልጅ ራሱን ከማን ጋር እንደሚያወዳድር አስበው።

ተሟጋቹ፦ በዕድሜው ነገር ረትተሽኛል። ግን የ2007ቱን «ሱፐርባድ» እስከ መጨረሻው እዪው። ፊልሙን ሙሉ ስለ ሴት ሲያወሩ የከረሙት ሁለት ጓደኛሞች የገበያ ማዕከል ውስጥ ይለያያሉ። አንዱ በኤስካሌተር እየወረደ ዞሮ ጓደኛውን ያያል። ወሲቡ ሰበብ ነበር፤ የሚያስፈራቸው መለያየቱ ነው።

ነቃፊዋ፦ እዚያ ቦታ እኔም ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ግን አብረዋቸው የነበሩት የሁለቱ ልጃገረዶች ስም ማን ነበር?

ተሟጋቹ፦ አንደኛዋ ጁልስ ናት። ሁለተኛዋን አይቼ እመለሳለሁ።