ሐዋርያቱ እየወደቁ፣ እናንተ አጥር ትዘላላችሁ

የሜልበርን ሀበሾች፣ ዛሬ ቁጣዬ በእናንተ ላይ ነው። ማስቀየም ካለብኝም ላስቀይም።

ባለፈው ገና ሚኒባስ ተከራይተን «አስራ ሁለቱ ሐዋርያት» የሚሏቸውን ባሕር ውስጥ የቆሙ የድንጋይ ዓምዶች ልናይ ወረድን። ዶሮው በድስት፣ ድፎው በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ልጆቹ በአገር ልብስ። በኮላክ በኩል ሦስት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ደርሰን ወገባችንን እንኳ ሳናፍታታ አንዷ እህታችን አጥሩን ተሻግራ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመች። ባሏ ስልኩን ደግኖ «ትንሽ ወደ ኋላ! ትንሽ!» ይላታል። ወዴት ነው ወደ ኋላ? ከኋላዋ ያለው አየር ብቻ ነው።

ነፋሱ ነጠላዋን መንጭቆ ወሰደው። ከጫፉ ዝቅ ብሎ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠለጠለ። አንድ ጎረምሳ ሊያመጣላት ዘሎ ሄደና በደረቱ ተኝቶ እጁን ሰደደ። ከክንዱ ስር አፈሩ እፍኝ እፍኝ እያለ ወደ ታች ሲፈስ ከቆምኩበት ይታየኛል። እናቱ ጡቷን ይዛ ጮኸች። ልጁ ተመለሰ፣ ነጠላው እዚያው ቀረ። ማንም ምንም አልሆነም። ማንም ምንም ስላልሆነ ነው ዘንድሮም ልትደግሙት የተዘጋጃችሁት።

«እኛ እኮ የገደል ልጆች ነን» አለኝ አንዱ በመመለሻችን ላይ። «ስሜን ተራራ ያደገ ሰው ይሄን ገደል ይለዋል?»

ወንድሜ፣ የስሜኑ ገደል እሳተ ገሞራ ተፍቶት የረጋ ጥቁር ድንጋይ ነው። ይሄኛው የባሕር ፍጥረታት ቅርፊትና አጥንት በሚሊዮን ዓመታት ተጠራቅሞ የሠራው የኖራ ድንጋይ ነው። ለስላሳ ነው። ውሃ ይበላዋል። የለመድከው ገደልና ይሄ ገደል ስማቸው እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም።

እነዚያ ባሕር ውስጥ የቆሙ ዓምዶች እኮ ከሰማይ አልወረዱም። ድሮ እናንተ የምትቆሙበት ገደል አካል ነበሩ። ማዕበሉ ገደሉን ከስር ይቦረቡረዋል፣ ዋሻ ይሆናል። ዋሻው ከወዲያ ወዲህ ሲበሳ ቅስት ይሆናል። የቅስቱ ጣራ ይናድና ጫፉ ብቻውን ባሕር ውስጥ ይቀራል። ሐዋርያ የምትሉት ያንን ነው። እሱም ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። እንግዲህ ከአጥሩ ወዲያ የቆመ ሰው ሐዋርያ የሚያይ ይመስለዋል እንጂ ገና ከወንድሞቹ ያልተለየ ሐዋርያ አናት ላይ ነው የቆመው። ከስሩ ምን ያህል እንደተቦረቦረ ደግሞ ከላይ ሆኖ ማንም አያይም።

ስሙ አታሏችሁ ከሆነም ልንገራችሁ። ድሮ የሚጠሩት «አሳማዋና ግልገሎቿ» ተብለው ነበር። ጎብኚ ይስባል ተብሎ ነው ሐዋርያት የተባሉት። ያኔም ቢሆን አስራ ሁለት አልሞሉም። (በአሳማዋ ስም ቢቀጥሉ ኖሮ ከእኛ ሰው ማን በገና ቀን በአገር ልብስ ይሄድ እንደነበር እንጃ።)

ደግሞ ተረት አይደለም፣ ሲወድቅ ታይቷል። ሐምሌ 3 ቀን 2005 በፈረንጆቹ፣ 50 ሜትር ገደማ የነበረው አንዱ ዓምድ በሰከንዶች ውስጥ ፍርስራሽ ሆነ። በ2009 እዚያው አካባቢ የነበረው «የደሴቱ ቅስት» የሚሉት ድንጋይ ጣራው ተናደ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የ1990ው ነው። «ለንደን ብሪጅ» የሚሉት ባለ ሁለት ቅስት ድንጋይ ነበር፣ ሰው በላዩ ተራምዶ እስከ ጫፉ ይሄድበት ነበር። ጃንዋሪ 15 ቀን፣ በእኛ ጥር 7፣ የሥላሴ ዕለት፣ ሁለት ሰዎች ተሻግረው ጫፉ ላይ ሳሉ ከኋላቸው ያለው ቅስት ተደረመሰ። ባሕር መሃል ቀሩ። ሄሊኮፕተር ነው ያወጣቸው። ጥቂት ቀደም ብለው ወይም ዘግይተው ቢራመዱ ኖሮ ሄሊኮፕተሩም አያስፈልግም ነበር።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ከጊብሰን ደረጃዎች አቅራቢያ አጥር ዘልዬ ፎቶ ተነስቻለሁ። ፎቶው ያምራል፣ እናቴ ሳሎን ሰቅላዋለች። ከዚያ 86ቱን ደረጃ ወርጄ ከአሸዋው ላይ ቀና ስል የቆምኩበትን ቦታ አየሁት። ከስሩ ምንም የለም። እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ባሕሩ ወጣ ያለ ቀጭን አፈር ነው፣ ሳሩ በጠርዙ ይወዛወዛል። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየውን በሬ ሲተርቱብን ያደግን ልጆች ነን እኮ።

«ቀን ካልደረሰ አይሞትም» የምትሉትን ደግሞ አልሰማም። የእናንተ ቀን አልደረሰ ይሆናል፣ ሊያወጣችሁ የሚመጣው ሰውስ? በ2019 በፈረንጆቹ ፋሲካ እሑድ፣ እኛ ሆሳዕና ላይ ሳለን፣ ከሐዋርያቱ ብዙ ሳይርቅ አንድ ጎብኚ ማዕበል ወሰደው። የፖርት ካምቤል በጎ ፈቃደኛ ነፍስ አድኖች በጀልባ ወጡ። አባትና ልጅ፣ ላም እያለቡ የሚኖሩ ገበሬዎች። ጎብኚው ተረፈ። አባትና ልጁ ሞቱ። ማንም ደመወዝ አይከፍላቸውም ነበር። ይህን እያወቀ ለቲክቶክ ብሎ አጥር የሚዘል ሰው ጀግና አይባልም፣ ባለጌ ነው።

አባቶች፣ እናንተን ለይቼ ልናገር። ልጁን በትከሻ ተሸክሞ አጥር የሚሻገር አባት አይቻለሁ። ያ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት በገዛ እግሩ ይሻገራል፣ ያኔ «ተመለስ!» ብትለው በምን አፍህ ይሰማሃል?

የዘንድሮው ሚኒባስ ሲሞላ የምለው ይኼው ነው። መመልከቻው ሰፊ ነው፣ ፎቶም ከዚያ ያምራል። ደረጃው ተዘግቷል ከተባለ ተዘግቷል፣ ጠባቂውን አትለማመጡ። ከሰሉንም ተዉት፣ በዚያ ነፋስና በጃንዋሪ ሙቀት እሳት አይለኮስም። ቡናውን በፔርሙስ እኔ አመጣለሁ። ነጠላችሁን ግን ከመኪና ሳትወርዱ በደንብ እሰሩት።