ኦሳፉኔ ያየሁት የብረት ሥራ

በምዕራብ ጃፓን በኦካያማ ግዛት፣ ሴቶውቺ በምትባል ከተማ ውስጥ ኦሳፉኔ የሚባል አካባቢ አለ። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት በጎራዴ ሠሪዎቹ ስሙ የገነነ ስፍራ ሲሆን፣ ዛሬም የጎራዴ ሙዚየምና ቀጥቃጮች በሕዝብ ፊት የሚሠሩበት ቤት አለው። ከምኖርበት ከቶኪዮ ወደዚያ የሄድሁት ለጉብኝት ነበር፤ የተመለስሁት ግን የልጅነት መንደሬን ቀጥቃጭ እያሰብሁ ነው።

ብረቱ ታማሃጋኔ ይባላል። በሺማኔ ግዛት ከብረት አሸዋና ከከሰል፣ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሳያቋርጥ በሚነድ የጭቃ ምድጃ ይወጣል። ቀጥቃጩ ይህን ብረት እያጋለና እየቀጠቀጠ ደጋግሞ ያጥፈዋል፤ አሥር ጊዜ የታጠፈ ብረት ከሺህ በላይ ንብርብር ይኖረዋል። እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። ሠሪው ጎራዴውን በስለቱ በኩል ስስ፣ በጀርባው በኩል ወፍራም ጭቃ ለቅልቆ ያግለውና ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ስለቱ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ጀርባው ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝ ምት ሲያርፍበት የማይሰበር ልል ብረት ሆኖ ይቀራል። የግለቱን ልክ የሚያውቀው በብረቱ ቀለም በመሆኑ፣ ይህን ሲሠራ ቤቱን ያጨልማል። ጎራዴው ሲወለወል በስለቱ ዳር እንደ ማዕበል የሚታየው ነጭ መስመር የዚህ ጭቃ ውጤት ነው።

ሙያው ከመጥፋት የተረፈው በጥበቃ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጎራዴ መሥራት ተከልክሎ፣ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1953 ነበር። ዛሬ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሥር ቢያንስ አምስት ዓመት ተምሮ መንግሥት የሚሰጠውን ፈተና ማለፍ አለበት፤ ካለፈም በኋላ በወር ከሁለት ረጃጅም ጎራዴ በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም።

ሴቶውቺ ያደረገችው ደግሞ ከዚህ ይልቃል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዚያው አካባቢ የተሠራ፣ በኋላም የጦር አበጋዙ ኡኤሱጊ ኬንሺን የነበረ ሳንቾሞ የሚባል ጎራዴ አለ፤ ስሙ የተራራ ወፍ ላባ ማለት ነው። ይህች ትንሽ ከተማ ከመላው አገር መዋጮ አሰባስባ፣ ከ500 ሚሊዮን የን በላይ አግኝታ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ጎራዴውን ወደ ተወለደበት ቀዬ መለሰችው።

በእኛ መንደር፣ በጎጃም፣ የእርሻ ወቅት ሲደርስ ገበሬው ሁሉ ማረሻውንና ማጭዱን ተሸክሞ ወደ ቀጥቃጩ ደጅ ይወርድ ነበር። ያለ እሱ ወናፍና መዶሻ አንድም ጥማድ አይወጣም፤ ሆኖም ማንም ከእሱ ጋር በአንድ መሶብ አይቀርብም፣ ልጁን አይድርለትም። እኛ ልጆችም ቡዳ ነው ተብለን ዓይኑን እንዳናይ እንመከር ነበር። በጎንደር ቤተ እስራኤሎችም በዚሁ ሙያቸው ተመሳሳይ ስም ተሰጥቷቸው ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ እኔ ዘንድ ደርሷል፣ እኔም በአፌ ብዬዋለሁ። ያሳፍረኛል።

ጃፓኖች ሥራን ሁሉ እኩል አክብረው ኖሩ ማለቴ አይደለም። ቆዳ ፋቂውንና ከብት አራጁን ለዘመናት አግልለዋል፤ የዘሮቻቸው ቁስል ዛሬም አልጠገገም። ጎራዴ ሠሪውን ግን አከበሩ። ብዙዎቹ የኦሳፉኔ ሠሪዎች እጀታ ውስጥ በሚገባው የብረቱ ጅራት ላይ ስማቸውንና አገራቸውን፣ አንዳንዴም ዓመቱንና ወሩን ይቀርጹ ነበር፤ ስለዚህ ናጋሚትሱ የሚባል ሰው እንደነበረ ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ አንድ መንገደኛ ኢትዮጵያዊ ያውቃል።

ከዚያ እንደተመለስሁ ለታላቅ እኅቴ ደውዬ የመንደራችንን ቀጥቃጭ ስም ጠየቅኋት። እቤታችን ግድግዳ ላይ ያለውን የአያታችንን ጦር የሠራው እሱ ወይም አባቱ ሳይሆን አይቀርም።

«ቀጥቃጩ ነበር የምንለው እኮ፤ ስሙንስ እንጃ» አለችኝ።

ልጆቹ አሁንም እዚያው ይኖራሉ። ሄዳ ጠይቃ እንድትነግረኝ አደራ ብያታለሁ።