ሪስታርት ማድረግና አጥፍቶ ማብራት አንድ አይደሉም

«ለጥገና ሰርቨሩን ሪስታርት አደረግከው፣ አጥፍተህ አበራኸው፣ ያው ነው» ያልከውን ብዙ ሰው ያምንበታል። ግን ትክክል አይደለም ወንድሜ። ጠረጴዛህ ላይ ላለ ኮምፒውተር ብዙ ለውጥ ላይኖረው ይችላል። ለሩቅ ሰርቨር ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው።

የአማዞንን ኢሲቱ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚከራየውን ሰርቨር፣ እንውሰድ። ሪስታርት ስታደርገው እዚያው ማሽን ላይ ይቆያል፤ የፐብሊክ አይፒ አድራሻውም (በኢንተርኔት የሚገኝበት ቁጥር) አይቀየርም። አቁመህ ስታስነሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ማሽን ላይ ነው የሚነሳው። ኢላስቲክ አይፒ (የማይቀየር አድራሻ) ካላያያዝክለት አድራሻው ይቀየራል፤ ዶሜይንህ (የድረ ገጽህ ስም) የድሮውን አድራሻ እየጠቆመ ይቀራል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ኢንስታንስ ስቶር (ማሽኑ ላይ ያለው ጊዜያዊ ማከማቻ) ላይ ያለው ዳታ ነው። ሰርቨሩ ሲቆም ይጠፋል፣ አይመለስም። ኢቢኤስ (ከማሽኑ የተለየው ቋሚ ማከማቻ) ላይ ያለው ይተርፋል።

ዳታ ሴንተር ያስቀመጥከው የራስህ ሰርቨር ከሆነ ደግሞ ይብሳል። በዛሬዎቹ ዋና ዋና የሊኑክስ ዓይነቶች «ሹትዳውን» (shutdown) የሚለውን ትእዛዝ የሪስታርት ምልክቱን «አር»ን (-r) ሳትጨምር ከሰጠኸው፣ ከ1 ደቂቃ በኋላ ጭራሽ ይጠፋል። ከዚያ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆነህ ሰርቨሩን በምታዝበት መንገድ) ብትሞክር የሚመልስልህ የለም። አይሎ ወይም አይድራክን የመሰለ የርቀት መቆጣጠሪያ ካላዘጋጀህ፣ ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ ማብሪያውን መጫን አለበት። በዚያች 1 ደቂቃ ውስጥ ከነቃህ ግን ያንኑ ትእዛዝ ከ«ሲ» (-c) ጋር ስጠው፤ ይሰረዛል።