ማስተካከያ፦ አዲስ ፐልስ ፕሮሰሰር የፒኩን ስፋት ከ100 ኤሌክትሮን ቮልት በታች አያወርድም

ስለ ኤክስሬይ ስፔክትሮሜትር (የኤክስሬይን ኃይል የሚለካ መሣሪያ) ቀደም ብዬ ስጽፍ፣ አሮጌውን ፐልስ ፕሮሰሰር (ከዲቴክተሩ የሚመጡትን የኤሌክትሪክ ምቶች፣ ማለትም ፐልሶች፣ ለክቶ የሚቆጥረውን ክፍል) በአዲስ ዲጂታል መቀየር ብቻውን በ5.9 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያለውን የማንጋኒዝ ፒክ (በስፔክትረሙ ላይ የሚታየው ጉብታ፤ ሲጠብ ጥራቱ ይሻላል) ስፋት ከ100 ኤሌክትሮን ቮልት በታች ያወርዳል ብዬ ነበር። ስህተት ነው። በሲሊከን ዲቴክተር ውስጥ የሚፈጠረው ቻርጅ መጠን በተፈጥሮው ከፐልስ ፐልስ ይዋዥቃል፤ ይህ ብቻውን ስፋቱን ወደ 120 ኤሌክትሮን ቮልት ያደርሰዋል። ያረጋገጥኩት ከዲቴክተር ፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ ነው። የትኛውም ፕሮሰሰር ከዚያ በታች አይወርድም።

የአዲሱ ዋና ጥቅም ፍጥነት ነው፦ ፒኪንግ ታይሙን (እያንዳንዱን ፐልስ ለመለካት የሚሰጠውን ጊዜ) ሲያሳጥሩት በሰከንድ ብዙ ፐልስ ይቆጥራል፣ ፒኩ ግን ይሰፋል። እኔን አምናችሁ ለጥራት ብቻ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ግዢውን አቆዩት። የቀየራችሁ ደግሞ የድሮውን ካሊብሬሽን (የትኛው ቻናል የትኛውን ኃይል እንደሚወክል የሚወስነውን ልኬት) አትጫኑ፤ የማንጋኒዝ ኤክስሬይ የሚያወጣውን የብረት-55 ምንጭ ከዲቴክተሩ ፊት አስቀምጣችሁ የ5.9 እና የ6.49 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ፒኮች የትኛው ቻናል ላይ እንዳረፉ እንደ አዲስ እዩ።