ስልሳ ሚሊዮን ምን አላት?

ባለፈው እሁድ የዕቁባችን ዕጣ ስምንት ሰዓት ላይ መውጣት ነበረበት። የወጣው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ምን ስትሠሩ ቆያችሁ አትሉኝም። የእናንተም ዕቁብ፣ የእናንተም ቢሮ፣ የእናንተም ለቅሶ ቤት እንደዚሁ ነው። አርሰናል መግዛት የነበረበት ዘጠኝ ቁጥር (ዋናውን ጎል አግቢ) ነው ወይስ የግራ መስመር አጥቂ? ይህ ሳይፈታ ዕጣ አይወጣም ተባለ። አልወጣም።

ስለዚህ ዛሬ ወቀሳ የለኝም። ምስጋና ብቻ ነው። ይህ ሕዝብ ለእንግሊዝ እግር ኳስ የዋለው ውለታ ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

እስቲ ልብ በሉ። ለንደን ላይ ያ ሁሉ መልማይ፣ ያ ሁሉ የዳታ ባለሙያ፣ ያ ሁሉ ጠበቃ ተጫዋች ለመግዛት ደመወዝ ይበላል። የኛ ሰው ይህንኑ ሥራ በነጻ ይሠራል። የማኪያቶውን ሂሳብ እንኳ ራሱ ነው የሚከፍለው። (ሁልጊዜ ባይሆንም።) የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ዓይኑን ሳይከድን ስልኩ ላይ ያፈጣል። ልጁን ትኩሳት ይዞት ሲያድር የምትነሳው እናትየው ናት። ዘጠኝ ቁጥሩ ለሕክምና ምርመራ ሲገባ ግን አባት አይተኛም። «ሂር ዊ ጎ» (ዝውውሩ አለቀ ማለት ነው) እስኪባል ድረስ እህል አይወርድለትም።

በኛ ዕቁብ ይህን ሸክም የተሸከመልን አንድ ወዳጃችን አለ። ስሙ ይቆየን። ዳይሬክተሩ እንበለው። ሃያ አራት አባላት ነን፤ በወር አምስት አምስት ሺህ ብር እንጥላለን። ዳይሬክተሩ የሁለት ወር ውዝፍ አለበት። ይህን ያነሳሁት ላሳጣው ብዬ አይደለም። ወደ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ነው።

እሁድ ዕለት አቦሉ እየተቀዳ ሳለ ዳይሬክተሩ ከዕቁቡ ደብተር አንድ ቅጠል ገነጠለ። የጸሐፊውን እስክሪብቶ ተዋሰ። «ቡድን እንዴት እንደሚገነባ ላሳያችሁ» ብሎ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። አጠገቡ ስለነበርኩ ጀርባውን አይቼዋለሁ። የባለ ውዝፎች ዝርዝር ነው። የሱ ስም አንደኛ ተራ ላይ ተጽፏል። እሱ ግን ንጹሁን ገጽ ገልብጦ፣ አንደኛ ተራ ላይ «በረኛ» ብሎ ጀመረ።

በረኛውን ሸጠው። በ35 ሚሊዮን ፓውንድ። ዋጋውን ከየት አመጣኸው ያለው የለም። ቀጥሎ ሁለት ተከላካይ ሸጠ። አንዱ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሌላው «ፊቱ ላይ ወኔ አይታይም»። ቀጥሎ አማካዩን፣ ወደ ኋላ ስለሚያቀብል። ቀጥሎ የፊት አጥቂውን። ይህ አጥቂ ዳይሬክተሩ ዕለቱን በለበሰው ማልያ ጀርባ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰውዬ ነው። ማልያውን እንደለበሰ ነው የሸጠው።

«ማን ይገዛዋል?» አለ አንድ የዋህ።

«ሳውዲ ነዋ!»

ሳውዲ ለዳይሬክተሩ ሁሉን ቻይ ናት። ያረጀ፣ የተጎዳ፣ ደመወዙ የከበደ፣ ከአሰልጣኝ የተጣላ ሁሉ ወደዚያ ነው። ሚስቱ ለንደንን ብትለምድስ? ሪያድንም ትለምዳለች። እሱ ራሱ አልሄድም ቢልስ? እንዴት ይላል! እኛ ሰፈር አንዲት ልጅ ሪያድ ለመሄድ ፓስፖርት፣ ምርመራ፣ ደላላ ስትል ስምንት ወር ፈጅቶባታል። ዳይሬክተሩ ስምንት ሰው አቦሉ ሳይቀዘቅዝ ሸኝቶ ጨርሷል። ገቢ፦ 280 ሚሊዮን ፓውንድ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። እውነተኛው አርሰናል ይህን ያህል ብልህ አልነበረም። አሰልጣኙ አርቴታ በ2019 መጨረሻ ከመጣ በኋላ ቡድኑን ያጸዳው በመሸጥ አይደለም። ኦዚል፣ ሶክራቲስ፣ ሙስታፊ፣ ኋላም ኦባሜያንግ ውላቸው እየተቀደደ ነው የወጡት። በ2019 በ72 ሚሊዮን ፓውንድ የተገዛው ፔፔ እንኳ በ2023 የሄደው በነጻ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ ክለቡም የነሱ ነው።) መግዛትማ ማንም ይገዛል፤ የሚከብደው ማስወጣቱ ነው። ግን ለንደን ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ስላልነበረ ምን ይደረግ።

ወደ ግዢው እንሂድ። ሁለት ከስፔን፣ አንድ ከፖርቱጋል፣ ሁለት ከጀርመን መጡ። ከብራዚል ደግሞ የ18 ዓመት ልጅ አመጣ። የት አየኸው? ዩቲዩብ ላይ፣ አራት ደቂቃ፣ ከዘፈን ጋር። በአራቱም ደቂቃ ልጁ አንድ ኳስ አልነጠቁትም። ይኸው ዳይሬክተር ለታናሽ ወንድሙ ሚስት ሲፈለግ የልጅቷን ዘር እስከ ሰባት ቤት ያስቆጠረ ሰው ነው። ለ80 ሚሊዮን ፓውንድ ልጅ ግን አራት ደቂቃ በቃው። ዘፈኑም ደስ ይላል።

ወጪ፦ 340 ሚሊዮን። ገቢው ሲቀነስለት ስልሳ።

«ኔት ስፔንዱ ስልሳ ነው» አለ፣ ስኒውን አስቀምጦ። «ስልሳ ሚሊዮን ምን አላት?»

አፍ ዳገት አይፈራም። ይኸው አፍ ያን ዕለት ሲመጣ የታክሲ ረዳት አምስት ብር መልስ አስቀርቶበት፣ ከበር ጀምሮ ሲራገም ነው የገባው።

የዕቁባችን ዳኛ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ኳስ አያዩም። እስካሁን ጸጥ ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው «ለመሆኑ ገንዘቡ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የክለቡ ባለቤቶች ነዋ ጋሼ። አሜሪካኖች ናቸው።»

«ያውቁሃል?»

ዳይሬክተሩ አልሰማም። ወረቀቱን እንደ ታቦት ከፍ አድርጎ ለሁላችንም እያሳየ ነበር። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ስኒ ልትሰበስብ ጎንበስ ስትል አየት አደረገችውና «ጋሼ፣ አሥር ናቸው እኮ» አለችው። ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። አሥር ናቸው። በረኛ የለም። መጀመሪያ የሸጠው እሱን ነበር፤ ከዚያ ረሳው።

በዚህ ያፈረ መስሏችሁ ይሆናል። ዳይሬክተርን አታውቁትም። «በረኛ በውሰት ይመጣል» አለ። «ራያም በውሰት አይደል የመጣው?»

እውነቱን ነው። ራያ በ2023 ከብሬንትፎርድ የመጣው በውሰት ነው። የበረኛ ነገር ከተነሳ ደግሞ የዚህን ሕዝብ የማስታወስ ችሎታ ሳላደንቅ አላልፍም። በ2021 ክረምት አርሰናል ራምስዴልን ሲገዛ የኛ ሰፈር ሊፈነዳ ነበር። በተከታታይ ሁለት ዓመት ሁለት ክለብ ይዞ የወረደ በረኛ! አሰልጣኙ አበደ ተባለ። በዚያው ኦገስት አርሰናል ሦስት የሊግ ጨዋታ ተሸነፈ፤ በሦስቱ ዘጠኝ ጎል ገባበት፣ አንድም አላገባም፣ የሰንጠረዡ ግርጌ ተቀመጠ። ይባረር ተባለ። አርቴታ ሳይሆን ደጋፊው ደክሞት ተወው። በ2022/23 ያው ራምስዴል የዓመቱ ምርጥ አሥራ አንድ ውስጥ ገባ፤ የኛ ሰው «ብዬ ነበር!» አለ። ራያ ሲመጣ ደግሞ «ወርቅ በረኛ እያለ ሌላ ምን ያደርጋል? ሰውየው ምስጋና ቢስ ነው» ብሎ አለቀሰ። ዓመቱ ሲያልቅ ራያ የወርቅ ጓንቱን (ጎል ሳይገባበት ብዙ ጨዋታ ለጨረሰ በረኛ የሚሰጠውን ሽልማት) ወሰደ። የኛ ሰውስ? «ብዬ ነበር!»

አሰልጣኝ ሊሳሳት ይችላል። መልማይ ሊሳሳት ይችላል። የኛ ሰው ግን በአንድ በረኛ ጉዳይ አራት ጊዜ ሐሳቡን ለውጦ አራቱንም ጊዜ ትክክል ነበር። ይህ ጸጋ ነው።

ማዶ ጥግ የተቀመጡት ማንቼዎችም (የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች) ከምስጋናዬ አይጉደሉ። አሰልጣኛቸው ፈርጉሰን በ2013 ከወረደ ወዲህ እነሱ ገንብተው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ሊጀምሩ ነው። አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ የቀድሞው የገዛው ሁሉ «የሱ ዓይነት ተጫዋች አይደለም» ይባላል፤ ይሸጣል፤ ለአዲሱ ይገዛለታል፤ አዲሱ ይባረራል። አልሸሹም ዞር አሉ። ፖግባ በ2012 በነጻ ሊባል በሚችል ዋጋ ሲሄድ «የራሱ ጉዳይ» ያሉ፣ በ2016 በ89 ሚሊዮን ፓውንድ ሲመለስ በጥሩምባ የተቀበሉ፣ በ2022 ውሉ አልቆ በነጻ ሲወጣ «ተገላገልን» ያሉ ሰዎች አውቃለሁ። ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው። ጎረቤቴ ነው።

አሁን ቀልዱን ለአፍታ ላቁም።

በጃንዋሪ 2025 አንድ ተጫዋች በኤፍኤ ካፕ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ማታውኑ ነፍሰ ጡር ሚስቱ ስልክ ላይ በሆዷ ያለውን ሕፃን የሚራገም መልእክት ጎረፈ። የእንግሊዙ ሳካ በ2021 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት 19 ዓመቱ ነበር፤ በቆዳው ሰደቡት። ያኔ እኛ እዚህ «ነጮቹ ዘረኞች ናቸው» ብለን ተንጨረጨርን። ዛሬ አንድ ጥቁር አጥቂ ኳስ ሲያመልጠው በፊደላችን፣ በአማርኛችን ስሙ ሥር የሚጻፈውን ቃል አይቼዋለሁ። አያቶቻችን ሰው ሲሸጥና ሲለወጥ የሚጠቀሙበት ቃል ነው። እዚህ አልጽፈውም። የጻፈው ሰው ግን ራሱ ጥቁር ነው፤ በማግስቱም ስለ «ቡድን ግንባታ» ሊያስተምረን ተመልሶ ይመጣል። ይህ ፍቅር አይደለም፤ የኳስ እውቀትም አይደለም። ብልግና ነው። ሌላ ስም አላወጣለትም።

እሺ። ወደ ምስጋናችን።

የሁለተኛው ቡና ተራ ሲደርስ አንድ ነገር መሞከር አማረኝ። «ዳይሬክተር» አልኩት፣ «ቡና ዘንድሮ ማንን አስፈረመ?» ልጅ ሆኖ ስታዲየም አጥር ዘሎ ይገባ የነበረው ኢትዮጵያ ቡናን ለማየት ነው። ቡኒና ቢጫውን መሐረብ ለብሶ የተነሳው ፎቶ ዛሬም ቤቱ ተሰቅሏል።

ወደ ጀበናዋ ዞር ብሎ አየና «ቶናው ገና አልደረሰም መሰለኝ» አለኝ።

ዳኛው በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀ። «በሉ ልጆቼ፣ ዕጣ እናውጣ። መጀመሪያ ውዝፍ ያለበት ይክፈል። ዝርዝሩን አምጣልኝ» አሉት ጸሐፊውን። ጸሐፊው ደብተሩን አገላበጠ። ገጹ የለም። እንደገና አገላበጠ። ቀስ በቀስ የሁላችንም ዓይን የዳይሬክተሩ የጃኬት ኪስ ላይ አረፈ። ወረቀቱን አወጣና አራት ቦታ የታጠፈውን ፈታ፤ ቡድኑን ወደ ላይ አድርጎ ሰጣቸው። ዳኛው ገለበጡት።

«አሥር ሺህ ብር» አሉ።

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ እንዴት መሰለዎት፤ ይህ በሂሳብ አሞርታይዜሽን ይባላል። 60 ሚሊዮን የወጣበት ተጫዋች አምስት ዓመት ከፈረመ፣ መዝገቡ ላይ በዓመት የሚያርፈው 12 ሚሊዮን ብቻ ነው። የኔንም በዚያው ብናስበው በዓመት ሁለት ሺህ ናት።»

ጸሐፊያችን የቼልሲ ደጋፊ ነው። ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ለምን አምስት? እኛ ሙድሪክን በስምንት ዓመት ተኩል ነው ያስፈረምነው። ላንተም ስምንት ተኩል እናድርግልህ» አለው።

ዳይሬክተሩ አልሳቀም። በሥራው ቀልድ አያውቅም።

«አይቻልም» አለ። «ከ2023 ዲሴምበር ወዲህ ከአምስት ዓመት በላይ ማከፋፈል ክልክል ነው።»