ለላፕቶፔ ኒካህ ላስር ሄጄ ተዋርጄ መጣሁ

ገና ጫማዬን አላወለቅኩም። ሻርፔም አንገቴ ላይ ነው። አሁን ካልጻፍኩት እናቴ ላይ ነው የምጮኸው፤ እሷ ደግሞ ቡናዋን እየቆላች ነው፣ ምንም አላጠፋች።

ያቺን ጽሁፍ ታውቋታላችሁ። ስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል፣ ግራጫ፣ ፈዘዝ ያለች። «አክቲቬት ዊንዶውስ» የምትለዋ፤ የዊንዶውሱ ፈቃድ አልተረጋገጠም ማለቷ ነው። ኤክሴል ብከፍት ኤክሴሉ ላይ፣ ፊልም ብከፍት የተዋናይዋ ጉንጭ ላይ። ዱቤ ሊጠይቅ መጥቶ ደጃፍ ላይ ቁጭ ያለ ሰው ነው የምትመስለኝ። አይሳደብም፣ አይሄድም፣ ያያል ብቻ። ሴቲንግ ገብቼ የስክሪኑን ፎቶ ልቀይር ስል ደግሞ «መጀመሪያ አክቲቬት አድርጊ» ይለኛል። በገዛ ላፕቶፔ!

ባለፈው ሳምንት የሩብ ዓመት ሪፖርት ላቀርብ ፕሮጀክተር ላይ ሰካሁት። ሦስት ሌሊት ያልተኛሁበት ሪፖርት ነው። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ግድግዳውን አዩ፣ አዩ፣ አዩና፣ «ይቺ ታች ያለችው አክቲቬት የምትለው የወጪ ርዕስ ናት?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? ከዚያ በኋላ ስለ ተሰብሳቢ ሂሳብ ያወራሁትን የሰማ ሰው የለም።

በቃ፣ ህጋዊ አደርገዋለሁ አልኩ። ከፍዬ። እንደ ሰው።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ላፕቶፑን አቅፌ ሐረጎን ወጣሁ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ኮምቦልቻ ላይ በቲሸርት ተሳፍራችሁ ደሴ ላይ ጋቢ የምትመኙበት ነው። ሚኒባሱ በእያንዳንዱ ጥምዝ ወደ ግራ ሲጥለኝ ላፕቶፑን እንደ ጨቅላ ደረቴ ላይ አጣብቄ ነው የወጣሁት። ሻንጣ የለውም። ሲሸጡልኝ «ሻንጣው ነገ ይመጣል» ነበር ያሉኝ። ይሄ ሚያዝያ ላይ ነው። አሁን ህዳር ነው። ሻንጣው ከዱባይ በእግሩ እየመጣ ይሆናል።

የገዛሁበት ሱቅ ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የሄደ ሁሉ ራሱ ያውቀዋል። ልጁ የአንዱን ስልክ ሆድ ዘርግፎ ተቀምጧል።

«እህት፣ ምን ልታዘዝ?»

«ከናንተ የገዛሁት ነው። አክቲቬት አድርጊ እያለኝ ነው።»

«አብሽሪ። አምስት ደቂቃ። ክራክ እናደርግልሻለን፣ ያለ ላይሰንስ ይሰራል፣ 300 ብር።»

«ክራክ አይደለም የምፈልገው። ህጋዊውን ነው። ላይሰንስ ያለውን።»

ጸጥ። ስክሩድራይቨሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ከዚያ አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ጮኸ። «አንተ! ና ስማ! ኦሪጂናል ዊንዶውስ ፈልጋ ከኮምቦልቻ ድረስ የመጣች ልጅ አለች!»

ከኋላ መጋረጃው ተገለጠና አንዱ ወጣ። ከእሱ ኋላ ሌላው። ያ መጋረጃ ኋላ ስንት ሰው እንዳለ አላውቅም። አንድ ቻርጀር ሊገዙ የመጡ አባትም ነበሩ፤ እሳቸውም ዞር ብለው ወንበር ሳቡ። ቲያትር ሊጀመር ነው።

«ለምን ፈለግሽው?» አለኝ፣ ልክ እንደ ሐኪም። መቼ ጀመረሽ የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

«ህጋዊ እንዲሆን ነዋ።»

«ማን ጠየቀሽ?»

ማን ጠየቀሽ! ይሄን ጥያቄ ቁጭ ብላችሁ አስቡት። ማንም ካልጠየቀኝ ሌብነቱ ይጣፍጣል?

እኔ ደግሞ ማታ ሳነብ ያደርኩት አለኝ አይደል፣ ደረቴን ነፍቼ «የኮምፒውተር ፕሮግራም እኮ የቅጂ መብት ያለው ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996» አልኩት። ስናገረው ራሱ አፈርኩ። ስልክ የሚጠግን ልጅ ፊት አዋጅ ስጠቅስ።

«እህቴ፣ አዋጁ ያለው አዲስ አበባ ነው» አለኝ። «እዚህ ያለው ፍላሽ ነው።»

ሳቅ። ቀጠለ። «ሰው ኒካህ የሚያስረው ለሚስቱ ነው። አንቺ ለዊንዶውስ ኒካህ ልታስሪ ነው የመጣሽው?»

መጋረጃው ራሱ ሳቀ። ይሄን ሁሉ እችለው ነበር፤ የገደሉኝ ግን እኚያ ቻርጀር ገዢ አባት ናቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ፣ በጣም በትህትና፣ «ወሊዩስ ማን ሊሆን ነው ልጄ? ማን ነው የሚድራት?» አሉኝ።

ላፕቶፔን አቅፌ ወጣሁ። «ሻንጣውስ?» ማለት እንኳን አላስታወስኩም።

መልሱ መቼ መጣልኝ? ሐረጎን እየወረድኩ፣ ጥምዝ ላይ። «የላፕቶፑን 32 ሺህ ብር ፎርጂድ አድርጌ ሰጥቼህ ቢሆን ማን ጠየቀሽ ትለኝ ነበር?» ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ ያልኩት፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አለች። እኔ መልስ ሁሌ የሚመጣልኝ ከሰው ፊት ከጠፋሁ በኋላ ነው። በ2014 በጦርነቱ ያ ሁሉ ሲሆን ዴስክቶፔ ከነሞኒተሩ፣ ከነማውሱ ሄደ። ያኔም ለማን ምን እንደምል የገባኝ ከስንት ወር በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ መግዛት ለኔ ወሬ ነው፤ ያገለገለ፣ የተፋቀ፣ ሌላ ሰው ጣት ያደባበሰው። ይሄኛው ፋኑ አምባሰል ያንጎራጉራል፤ «ኤን» የምትለዋ ፊደል ካልተቆነጠጠች አትመጣም። ግን ይሰራል፣ አልሐምዱሊላህ።

«ታዲያ ለምን አትገዢውም?» የምትሉ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። አይቼዋለሁ። ዊንዶውስ 11 ሆም የሚባለው፣ ለቤት የሚሆነው፣ 139 ዶላር ነው። ዶላር 57 ብር በነበረ ጊዜ 8 ሺህ ብር ገደማ መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ተለቀቀ፤ አሁን ከ140 በላይ ነው፤ ወደ 20 ሺህ ብር በሉት። ለ32 ሺህ ብር ሙሽራ የ20 ሺህ ብር መህር! እሺ ልክፈል ብልስ በምን? የኔ ካርድ ኤቲኤም ላይ እንኳን አንዳንዴ ተመለሺ ይለኛል፣ እንኳን አሜሪካ ድረስ ሊሰማ።

በዚያ ላይ አንድ ያልነገርኳችሁ አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቴሌግራም ላይ «ኦሪጂናል ኪይ፣ የዕድሜ ልክ» የሚል አገኘሁና 1,200 ብር በቴሌብር ላክሁ። 25 ፊደልና ቁጥር ላከልኝ፤ አምስት አምስት እየሆነ በሰረዝ የተከፈለ። አስገባሁ። ያቺ ግራጫ ነገር ጠፋች። ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ላፕቶፑን ካፌ ይዤ ሄድኩ፣ እውነቴን ነው። በዘጠነኛው ቀን ተመለሰች። ሰውዬውን «ወንድሜ፣ ኪይው ሞተ እኮ» ብዬ ጻፍኩለት። አነበበው። ከዚያ ፎቶው ጠፋ። የዕድሜ ልክ ያለው የማንን ዕድሜ እንደሆነ ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ።

ደግሞ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጫኚ የምትሉኝ እንዳትመጡ። አውቃለሁ፣ ነጻ ነው፣ ህጋዊ ነው፣ ቫይረስም ብዙ አያውቀውም። እኔ የምበላው ፒችትሪ ከሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ነው። የደንበኞቼ ሂሳብ ሁሉ ያለው እዚያ ነው፤ ፒችትሪ ደግሞ የዊንዶውስ ልጅ ነው። (ፒችትሪውስ ህጋዊ ነው ወይ? ለሚለው ጠያቂ፦ እባክህ አንድ በአንድ። የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዙንም አታንሱብኝ። ቤት ሲጸዳ ከሳሎን ነው የሚጀመረው።)

አሁን ወደ ዋናው ቃጠሎዬ ልምጣ። እስካሁን ያነበባችሁት መግቢያ ነው።

ግቢያችን በር ላይ የጎረቤታችን ልጅ ቆሟል። እዚሁ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነው። ፊቴን ሲያይ «እትዬ፣ ምነው?» አለኝ። ነገርኩት። ኒካሁንም፣ ወሊዩንም። አልሳቀም፤ ለዚህ ብቻ አላህ ያሳድገው። ላፕቶፑን ተቀበለኝ፣ በሩ ላይ ያለችው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ፣ ትዕዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁሯን መስኮት ከፈተና የሆነ ነገር ጻፈ።

«እትዬ፣ ሚያዝያ ላይ ነው የገዛሽው?»

«እንዴት አወቅክ?»

«የጫኑልሽ ኢንተርፕራይዝ የሚባለውን ነው፤ የትልልቅ ድርጅት። ክራኩ የድርጅት ሰርቨር መስሎ ያታልለዋል። ግን የሚያታልለው ለ180 ቀን ነው፣ ከዚያ መታደስ አለበት። የሚያድሰውን ፕሮግራም አንቲቫይረሱ ጠርጎታል።»

180 ቀን! እኔ ሰው ነው የሸጠልኝ ብዬ፣ ለካ ኪራይ ነው። ጥቅምት ላይ ያቺ ግራጫ ብቅ ስትል ኪራዩ ማለቁ ነበር። 1,200 ብር የበላኝስ? እሱም የሆነ ድርጅት ቁልፍ ለመቶ ሰው ተቸብችቦ፣ ሲነቃበት የተዘጋ ሳይሆን አይቀርም አለኝ።

ከዚያ ሌላ መስመር ጻፈ። ኢንተር መታ። እና ወጣ። አምስት አምስት ሆኖ፣ በሰረዝ ተከፍሎ። 25።

«ይሄ ምንድነው?»

«የላፕቶፑ የራሱ ኪይ ነው። ፋብሪካው ነው እናት ቦርዱ ውስጥ የከተተው። ድሮ ከስር በስቲከር ይለጠፍ ነበር፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ውስጡ ነው የሚያስቀምጡት። ያንቺ የዊንዶውስ 10 ሆም ነው። የመጀመሪያው ገዢ ከፍሎበታል፤ ከማሽኑ ጋር ነው የሚሄደው። ሆሙን መልሰን ብንጭነው ኪይ እንኳን አይጠይቅሽም፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ያደርጋል።»

ገባችሁ? ላፕቶፑ ድሮም ባለኒካህ ነበር!

ያ መጋረጃ ኋላ ያለ ጉድ ሁሉ፣ ህጋዊውን ሚስት ከነልብሷ ከቤት አስወጥቶ ውሽማ አስገብቶልኛል። ለዚያውም ለ180 ቀን። ከዚያ እኔ ኒካሁን ፍለጋ ስሄድ ሳቀብኝ። ያደረገውን ያውቃል? አይመስለኝም፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። አንዲት ፍላሽ አለችው፣ ያቺኑ ለሁሉም ይሰካል፣ የማን ሆድ ውስጥ ምን እንዳለ አያይም። ሰላሳ ላፕቶፕ ቢመጣ ሰላሳውንም። ሐኪም ቢሆን ለሁሉም በሽተኛ ትርፍ አንጀት ነበር የሚያወጣው።

«በቃ አሁኑኑ እንጫነው!» አልኩት። እንባ ተናንቆኛል፣ የደስታ። ልጁ ግን አንገቱን አከከ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር አለ።»

ሁሌም አንድ ነገር አለ።

«ዊንዶውስ 10 ጡረታ ወጥቷል። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው።»

«ታዲያ 11ን እንጫናለን!»

«11 ቢያንስ ስምንተኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ያንቺ ስድስተኛ ነው።»

የግማሽ ዓመት ውሽማ አባርሬ፣ ዕድሜ ልኳን ደጅ ስትጠብቀኝ የኖረችውን ሚስት ላስገባ ስል፣ በዚያው ወር ጡረታ ወጥታለች! ልጁ ሊያጽናናኝ «የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አለ፣ እስከ ጥቅምት 2019 ድረስ የደህንነት ማሻሻያ ይሰጣሉ፤ የማይክሮሶፍት አካውንት ከፍተሽ ሴቲንግሽን ባክአፕ ካደረግሽ በነጻ ነው፣ ካልሆነ 30 ዶላር» አለኝ። ለዚያ ግን መጀመሪያ ሆሙ መጫን አለበት። ሆሙ እንዲጫን ሲ ድራይቭ ይጠረጋል። ሲ ላይ ፒችትሪው አለ፣ የአራት ደንበኛ ሂሳብ አለ፣ የሰርግ ፎቶ አለ። የማውረጃው ፋይል ከ4 ጂቢ በላይ ነው። የኔ ጥቅል ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ ያልቃል።

እናቴ «ያ ሱቅ ያለው ልጅ እኮ የነእንትና ዘመድ ነው፣ ተይው፣ ቡና ጠጪ» እያለችኝ ነው። አቦሉ ወርዷል። ከውስጥ ሆና ደግሞ «ለመሆኑ ወሊዩ ማን ነበር ያሉሽ?» ብላ እየሳቀች ነው። እናቴ! የነገርኳት ከአምስት ደቂቃ በፊት ነው!

ልጁ ነገ ከጁምዓ በኋላ እመጣለሁ ብሏል። 8 ጂቢ ፍላሽ ያለው ኮምቦልቻ ውስጥ ማን አለ? በውስጥ መስመር አውሩኝ። ሾርትከት ቫይረስ ያለበትን የሚያመጣ ሰው ግን ከዛሬ ጀምሮ አላውቀውም።