አንጋፋ ወታደሮችን ስለ ውጊያው ብቻ አንጠይቃቸው

አንጋፋ ወታደሮች በበዓል ቀን መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ ማይክ ይሰጣቸውና ስለ አንድ ውጊያ ሦስት ደቂቃ ተናግረው በጭብጨባ ይወርዳሉ። ክብሩ ይገባቸዋል። የሚያሳዝነው፣ ከዚያ በኋላ የሚጠይቃቸው አለመኖሩ ነው። ደብዳቤ በስንት ጊዜ ይደርስ እንደነበር፣ የሞት መርዶ ለቤተሰብ እንዴት ይነገር እንደነበር፣ ከውትድርና የተሰናበተ ሰው ምን ሠርቶ ይኖር እንደነበር ማንም አይጠይቃቸውም። ኑሮ እንዴት እንደተለወጠ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ግን ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወታደር ለዚህ ጉዳይ የተለየ ምስክር ነው። ሌላው ሰው «ያኔ» ብሎ የሚያልፈውን እሱ በቅጥር፣ በምድብ፣ በዝውውርና በስንብት ቀን ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ አብዛኛው ደግሞ በወረቀት የተያዘ ነው። «አርጅተዋል፣ ምን ያስታውሳሉ?» ማለትም ስህተት ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች አጥርተው የሚያስታውሱት በብዛት ከ10 እስከ 30 ዓመታቸው ድረስ የሆነውን መሆኑን የማስታወስ ችሎታን ያጠኑ ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። የብዙዎቹ የውትድርና ዘመን የሚወድቀው እዚያው ውስጥ ነው።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ60 ሚሊዮን በላይ ሰው ለውትድርና ተሰልፎ ነበር። በውጊያ ላይ ከነበሩት የመጨረሻው የሚታወቁት ክላውድ ቹልስ በ2011 እ.ኤ.አ. አረፉ። በቀጣዩ ዓመት በዚያ ጦርነት ካገለገሉት የመጨረሻዋ የታወቁት ፍሎረንስ ግሪን በ110 ዓመታቸው አለፉ። እኚህ ሴት በእንግሊዝ አየር ኃይል የመኮንኖች መመገቢያ አስተናጋጅ ነበሩ። ስለዚህ ጠመንጃ የተሸከመውን ብቻ መፈለግ አይገባም። ሹፌሩም፣ ነርሷም፣ ወጥ ቤት የሠራውም፣ የሬዲዮ ኦፕሬተሩም ይጠየቁ።

በጣም የተለመደው ጥያቄ «ዘመኑ እንዴት ተለወጠ?» የሚለው ነው። መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ «ያኔ መከባበር ነበር፣ ዛሬ የለም።» ይህ የሳቸው ፍርድ ነው፤ ይመዝገብ። ማስረጃ የሚገኘው ግን አንድን ነገር ይዞ ከወጣትነት እስከ ዛሬ በመከተል ነው። ለምሳሌ ደብዳቤን እንያዝ። «ከቤት የተላከ ደብዳቤ በስንት ጊዜ ይደርስዎ ነበር? ማን ይጽፈው ነበር? እጅዎ ሳይገባ ሌላ ሰው ይከፍተው ነበር?» ከዚያ ከስንብት በኋላ ከጓዶቻቸው ጋር በምን ይገናኙ እንደነበር፣ ቀጥሎ ዛሬ በምን እንደሚገናኙ ይጠየቃል። ደመወዝም እንደዚሁ ነው፤ እጅ በእጅ ነበር ወይስ በባንክ? የመጀመሪያው ምን ላይ ዋለ? ጫማውን፣ የሸክሙን ክብደት፣ የታመመ ሰው የት ይወሰድ እንደነበር መጠየቅ ይቻላል። መልስ ሲዘገይ እስከ አሥር በልብ ቆጥሮ ዝም ማለት ይሻላል፤ ጠያቂው ዝምታውን ለመሙላት ሲቸኩል ሊወጣ የነበረው ነገር ይቀራል። ዓመት ቢያምታቱ መሀል ላይ ማረም አያስፈልግም፤ ማስታወሻ ይዞ መጨረሻ ላይ ከስንብት ወረቀቱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። «አባዬ፣ ባለፈው እንዲህ አልነበረም ያልከን» የሚል ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥም ጥሩ ቃለ ምልልስ አይደረግም።

ብዙው ጥረት የሚበላሸው ግን በጆሮ ምክንያት ነው። የተኩስና የፍንዳታ ድምፅ በብዛት የሚጎዳው ከ3000 እስከ 6000 ኸርዝ ያለውን፣ ማለትም ቀጭን ድምፆችን፣ የመስማት አቅም ነው። «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ተ»፣ «ከ» የመሳሰሉት ድምፆች ተለይተው የሚሰሙት በዋናነት በዚህና በአቅራቢያው ባለው ክልል ስለሆነ፣ አዛውንቱ ንግግር እንዳለ ይሰማሉ፤ ቃሉን ግን አይለዩም። ከዚያ በግምት ይመልሳሉ፤ ጠያቂውም «አእምሯቸው ደክሟል» ብሎ ይሄዳል። መጮህ አይረዳም፤ ድምፁን ያዛባዋል፣ ሰውየውንም ያስቆጣል። አንድ ሜትር ያህል ርቆ ፊት ለፊት መቀመጥ፣ ብርሃኑ ከንፈርን እንዲያሳይ በጠያቂው ፊት ላይ እንዲያርፍ ማድረግ፣ ድምፅን ወፈር አድርጎ በአጭር ዓረፍተ ነገር መጠየቅ ነው የሚበጀው። የመስሚያ መሣሪያ ካላቸው ባትሪው አስቀድሞ ይታይ።

ለመቅጃ የእጅ ስልክ ይበቃል። ጥሪ ቀረጻውን እንዳያቋርጥ ስልኩ «ኤርፕሌን ሞድ» በሚባለው ሁኔታ ይቀመጥ። ጠረጴዛ ላይ ከተኛ የእጅና የብርጭቆ ኳኳታ ስለሚያነሳ የታጠፈ ጨርቅ ይነጠፍለት። በልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ከተገኘ ከአፍ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ደረት ላይ ይሁን። ፋይሉ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዋቭ (WAV) ቅርጸት፣ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ቢያዝ በአንድ ማይክ የተቀዳ አንድ ሰዓት ግማሽ ጊጋባይት ያህል ይወስዳል፤ ቦታው አስቀድሞ ካልተጣራ ቀረጻው መሀል ላይ ይቆማል። አንድ ደቂቃ ቀድቶ በጆሮ ማዳመጫ መስማት የፍሪጅንና የግድግዳ ሰዓትን ድምፅ ያጋልጣል። ቀኑ፣ ቦታውና የሁለቱም ሰዎች ስም መጀመሪያ ላይ ጮክ ተብሎ ይነገር። አንድ ቀን ከ90 ደቂቃ በላይ አይኬድ፤ ድካም መልሱን ያሳጥረዋል።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያሻው ሕመም ያለበት ትዝታ ላይ ነው። ከአስከፊ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት ዛሬ በሚታወቅበት ስሙ (ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ.) በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ የገባው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ላገለገሉት የሚሰማቸውን በዚህ ስም የነገራቸው አልነበረም። ጡረታ ወይም የትዳር ጓደኛ ሞት ለዓመታት የታፈነውን ሊቀሰቅስ ይችላል። «ሰው ገድለዋል?» የሚለው ጥያቄ ከጠያቂው አፍ መውጣት የለበትም። እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ያለፈውን አሁን እንደሚሆን አድርገው መተረክ ሲጀምሩ ቀረጻውን ማቆም ይገባል፤ ውኃ ማቅረብ፣ ስለ ክፍሉና ስለ ዛሬው ቀን ማውራት። ወዲያው ተነስቶ መሄድ ግን ጭካኔ ነው። ለመቀጠልም ለመተውም የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ ማን ይስማው፣ መቼ ይውጣ የሚለውም እንደዚሁ። በሕይወት ስላለ ሌላ ሰው የተነገረው ለብቻ ምልክት ይደረግበት።

ቀረጻው ሲያልቅ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን። ፍላሽ ላይ ብቻ ትቶ መተኛት ማጣት ነው። የአንድ ሰዓት ንግግር ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ የሰዎችና የቦታ ስሞች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ተመልሶ ይነበብላቸው። ስም ሲያርሙ የዘነጉት ሌላ ሰው ይታወሳቸዋል፣ ከሱም ጋር ያልተነገረ ወሬ ይመጣል፤ በዚያ ቀንም መቅጃው ክፍት ይሁን።